ቀን ያልተጻፈበት ውል

ዳንግላ ላይ ከፍርድ ቤቱ አጥር ማዶ፣ በላስቲክ ዳስ ሥር ተቀምጬ ለሰው ማመልከቻ ስጽፍ ሃያ ስድስት ዓመት ሆነኝ። ራፖር ጸሐፊ ይሉኛል። የሰው ድንበር፣ የሰው ዱላ፣ የሰው ፍቺ በእኔ ብዕር ወረቀት ላይ ወርዶ ዳኛ ፊት ይቀርባል። ብዙ ውሸት ጽፌአለሁ፤ አልክድም። ደንበኛ እያለቀሰ ሲዋሽ መጻፍ እንጂ መገሠጽ የእኔ ሥራ አይደለም እያልኩ ነው የኖርኩት። ይህን ግን ማንም አላጻፈኝም። ዋጋዬ ስለምትባል ሴት የሚወራው ወሬ ስላንገሸገሸኝ ነው ብዕር ያነሳሁት።

ድሮ «ቤት አፍራሽ» ይሏት ነበር። አሁን ደግሞ «መሬት አስበይ» የሚል ጨምረውላታል። እንዲህ ከሚሏት ሴቶች ውስጥ ጥቂት የማይባሉት እሷ ባትኖር ኖሮ ዛሬ የሚያርሱት መሬት ቀርቶ የሚያድሩበት ጥግ አይኖራቸውም ነበር። ሰው ውለታ ይረሳል ሲባል እሰማ ነበር። እንዲህ በአንድ ክረምት ይረሳል ብዬ ግን አልጠበቅሁም።

ዋጋዬ አጭር፣ ጠይም፣ እርምጃዋ ፈጣን ሴት ናት። አምሳን አልፋለች። የተወለደችው ከዳንግላ የሦስት ሰዓት የእግር መንገድ በሚርቅ መንደር ነው። አፏን የፈታችው በአዊኛ ነው፤ አማርኛን የተማረችው ከገበያና ከባሏ ነው። «ከባሌ የተማርኩት ስድቡን ብቻ ነው፤ ደኅና ደኅናውን ከገበያ ነው ያገኘሁት» እያለች ትቀልዳለች። በአሥራ አምስት ዓመቷ ዳሯት። በሃያ ሁለት ዓመቷ ሁለት ጥርሷ ጎድሎ፣ የለበሰችውን ቀሚስ ብቻ ይዛ ወጣች። ሰባት ዓመት ያረመችው ጤፍ፣ ያለበቻት ላም፣ በእጇ የመረገችው ግድግዳ ሁሉ እዚያው ቀረ።

«ለምን ድርሻሽን አልጠየቅሽም?» ብዬ አንድ ቀን ጠየቅኋት።

«ድርሻዬ የሚል ቃል አላውቅም ነበራ! ሰው የማያውቀውን ቃል እንዴት ብሎ ይጠራል?» አለችኝ።

ዳንግላ ገብታ የሰው ልብስ አጠበች፣ ጠላ ጠመቀች፣ ለዐዋቂዎች የሚሰጠውን የመሠረተ ትምህርት ገብታ ፊደል ቆጠረች። እንዲህ እያለች ሳለ በሴቶች መብት ላይ የሚሠራ አንድ ድርጅት እንጅባራ ላይ ቢሮ ከፈተ። ይህ የዛሬ አሥራ አራት ዓመት መሆኑ ነው። (እንጅባራን እኛ የድሮ ሰዎች እስከ ዛሬ ቆሰበር ነው የምንላት።) ድርጅቱ ሁለቱንም ቋንቋ የምትናገር፣ ቁልቁለትና ዳገት የማይበግራት ሴት ለዳንግላ ሲፈልግ ዋጋዬን አገኘ። ከአምስት ቀን ሥልጠና በኋላ አንድ ጃንጥላ፣ አንድ ቦርሳና «አስተባባሪ» የሚል ማዕረግ ይዛ ተመለሰች። ከሦስቱ ዕድሜ ልክ የጠቀማት ጃንጥላው ነው።

ሥራዋን የጀመረችው ከገበያው ነው። ቅቤ ሻጯ፣ ድንች ሻጯ፣ በርበሬ ሻጯ አጠገብ ቁጢጥ ትልና ሰላምታው እንዳለቀ አንዲት ጥያቄ ትጠይቃለች። «ደብተሩ ላይ ፎቶሽ አለ?» ነው ጥያቄዋ። የመሬት ይዞታ ደብተር ላይ የባልም የሚስትም ፎቶ ይለጠፋል። ብዙዋ ሴት ግን ደብተሩን በዓይኗ አይታው አታውቅም፤ ደብተሩ ሣጥን ውስጥ ነው፣ የሣጥኑ ቁልፍ ባልየው ኪስ ውስጥ ነው። «ፎቶስ ተነስቼ ነበር፣ ለምን እንደሁ እንጃ» የምትል ሞልታለች። ዋጋዬ «እንግዲያው ግማሹ መሬት ያንቺ ነው» ስትላት ሴትዮዋ መጀመሪያ ትስቃለች። ቀጥላ ዙሪያዋን ታያለች፣ ማን ሰማኝ ብላ።

ከእኔ ጋር የተዋወቅነው በጠብ ነው። አንዲት ደንበኛዬን አስከትላ መጥታ የጻፍኩትን ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ ወርወር አደረገችና «አንተ ነህ ይችን ሴትዮ ምን ብላ እንደከሰሰች እንኳ እንዳታውቅ አድርገህ የጻፍክላት?» አለችኝ። ተናደድኩ፤ ብዙ ሰው ፊት ነበር። እሷ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ሕግ አወጣችብኝ። የተጻፈው ይነበባል፤ ሴትዮዋ በራሷ አፍ ትደግመዋለች፤ ካልደገመች ጣቷ ቀለም አይነካም። በአዊኛ ትደግም፣ በአማርኛ ትደግም፣ ግድ የላትም። ወረፋው እየረዘመ፣ ሌላው ደንበኛዬ እያጉረመረመ እሷ ሦስቴ ታስደግማለች። አንጀቴ ይቃጠል ነበር። እውነቱን ለመናገር ግን ከዚያ በኋላ ዳኛ የመለሰብኝ ወረቀት ጥቂት ነው።

በስድስት ዓመት ውስጥ ስንቷ ሴት ግማሽ መሬቷን ይዛ እንደወጣች እኔ ነኝ የማውቀው፤ ወረቀቱን የጻፍኩት እኔ ነኝና። ወንዶቹም ያውቁ ነበር። አንድ ቀን ባለጋሪው «ቤት አፍራሽ አልጭንም» ብሎ መንገድ ላይ አወረዳት። ጃንጥላዋን ዘርግታ በዝናብ ሦስት ሰዓት ሄደች። በማግስቱ መጥታ ስትነግረኝ ትስቅ ነበር። «ፈረሱስ ደግ ነበር፣ ባለቤቱ ነው እንጅ ያስቸገረው» አለች።

እንቁ የመጣችው የዛሬ ስምንት ዓመት ነው። ያኔ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነበር። ግራ እጇን በነጠላ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ፣ ሕይወት የምትባል ሕፃን ልጇን በጀርባዋ አዝላ ነበር። ባሏ ቢሻው እጇን የሰበረው ሌላ ሴት ቤት አምጥቶ «ተስማሙና ኑሩ» ሲላት እምቢ ስላለች ነው። ዋጋዬ የዘወትር ጥያቄዋን ጠየቀቻት። ፎቶዋ አለ። ሁለት ማሳ አላቸው፤ አንዱ ከቤቱ አጠገብ ያለው ለም መሬት፣ ሁለተኛው ተዳፋቱ ላይ ያለ፣ ዲከረንስ የተተከለበት።

ዲከረንስን የማያውቅ ቢኖር ልንገረው። ለከሰል ተብሎ የሚተከል ዛፍ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ከጤፉ ጋር አብሮ ይተከላል፣ ከዚያ ቀጥ ብሎ ያድጋል፣ በአራት በአምስት ዓመቱ ተቆርጦ ይከሰላል፣ መሬቱም ተመልሶ ይታረሳል። አገሩ በሙሉ በዚህ ነው የሚኖረው። ያን ተዳፋት ሲተክሉ ችግኙን ከችግኝ ጣቢያው በጀርባዋ ተሸክማ ያመጣችው እንቁ ናት፤ ያውም ነፍሰ ጡር ሆና። ቢሻው ጉድጓዱን ቆፍሯል።

ክሱን ጻፍኩ፣ ተከፈተ፣ ቀጠሮ ተሰጠ። በሦስተኛው ቀጠሮ ላይ ሽማግሌ ገባ። የሽማግሌዎቹ ዋና አባ አስማረ ነበሩ። አባ አስማረ በአገሩ የተከበሩ ናቸው፤ የገደለና የሞተበትን ያስታረቁ ሰው ናቸው። የእኔም ልጅ የክርስትና አባት ናቸው። «ልጆቻችን ፍርድ ቤት ለፍርድ ቤት አይንከራተቱ፤ እኛ እንጨርሰው» አሉ። ዋጋዬ ሽምግልናን ስትፈራው ኖራለች፤ በሽማግሌ ወደ ባሏ ተመልሳ አስከሬኗ የወጣ ሴት ታውቃለች። በዚያው ሰሞን ግን ናርዶስ ከእንጅባራ መጣች። ናርዶስ የድርጅቱ የሕግ ባለሙያ ናት፤ ገና ወጣት፣ ጥሩ ልጅ። ችግሯ ከበላይ የሚወርድላት ቅጽ ነው። «እትዬ ዋጋዬ፣ በስምምነት የተፈታ ጉዳይ በዚህ ሩብ ዓመት አንድም የለንም» አለቻት። እንቁም ሰልችቷት ነበር። «ይብቃኝ፣ ልረፍ» ትል ነበር።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አባ አስማረ ግቢ ተሰበሰብን። ሦስት ሽማግሌዎች፣ ቢሻው፣ እንቁ፣ ዋጋዬ፣ እኔም ወረቀቴን ይዤ። ክፉ ሰው ክፉ የሚመስለው ካለ ቢሻውን ቢያየው ደስ ይለኛል። መልከ መልካም ነው፣ ድምፁ ዝግ ያለ ነው፣ የሽማግሌዎቹን መቀመጫ በጋቢው ጫፍ አቧራውን ጠርጎ ነው ያስቀመጣቸው።

ሽማግሌዎቹ ተመካክረው ውሳኔያቸውን ተናገሩ። ቤቱና የቤቱ አጠገብ ማሳ ለቢሻው፤ ተዳፋቱ ለእንቁ። ዛፉ ግን የቢሻው ነው፣ ጉድጓዱን የቆፈረ እሱ ነውና። ያኔ ዛፉ የሁለት ዓመት ነው። ቢሻው ዛፉን ሲያነሳ መሬቱን ለእንቁ ያስረክባል።

«መቼ ነው የሚያነሳው? ቀን ይግባበት» አለች ዋጋዬ።

አባ አስማረ ቀና ብለው አዩዋት። «ዲከረንስ ኸአምስት ዓመት በላይ ሲቆም አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም፣ አባ።»

«እንግዲያ የምን ቀን ነው? ባገራችን ሽማግሌ ተናግሮ ቀን አይቆረጥበትም። ቀን የሚቆረጠው ለማይታመን ነው። እኛን አላምናችሁም ነው የምትይን?»

«ኧረ እርስዎን አይዶለም! እኔ እሱን ነው የማላምነው።»

«እሱ ያለው በእኛ ቃል ውስጥ ነው። እሱን አላምንም ስትይ እኛን ነው» አሉ። ሁለተኛው ሽማግሌ ደግሞ ወደ ጎን ዞር ብለው፣ ግን ሁላችንም እንድንሰማ አድርገው «ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» አሉ።

ዋጋዬ ወደ እኔ ጠጋ አለችና ጆሮዬ ላይ «አያ ባንተአምላክ፣ አንተ ዝም ብለህ ጻፈው። የሦስት ዓመት ቀን ጻፍበት። ተነቦ ካለፈ በኋላ ማን ያፈርሰዋል?» አለችኝ። እሽ አልኳት። ብዕሬ ቀኑ መግቢያ ላይ ስትደርስ አባ አስማረ ወደ ወረቀቴ ሲያዩ አየኋቸው። የልጄ የክርስትና አባት ናቸው። የዕድራችን ዳኛ ናቸው። ከሚያጽፈኝ ሰው ግማሹን የሚልኩልኝ እሳቸው ናቸው። «ዛፉ ሲነሳ» ብዬ ጻፍኩና ነጥብ አስቀመጥኩ።

ሳነበው ዋጋዬ ቀኑን ጠበቀች። አንብቤ ስጨርስ ሳልጠራው ስቀር ፊቷ ተለዋወጠ። እንቁ ግን በልማዱ መሠረት ስትደግም አንድም ቃል አልሳተች። «ቤቱ የሱ፣ ተዳፋቱ የኔ፣ ዛፉን ሲያነሳ መሬቴን ይሰጠኛል» አለች። ጣቷን ለቀለሙ ዘረጋች። ዋጋዬ ልትናገር አፏን ከፈተች፣ ሽማግሌዎቹ «እሰይ! እሰይ!» አሉ፣ ነገሩ አለፈ። ፍርድ ቤቱም ስምምነቱን አጸደቀው። ለዋጋዬ እሽ ያልኳትን አልጻፍኩም፣ ለምን እንዳልጻፍኩም አልጠየቀችኝም።

በሳምንቱ ናርዶስ መጥታ እንቁን ተዳፋቱ ላይ አቁማ ፎቶ አነሳቻት። ፎቶው በድርጅቱ በራሪ ጽሑፍ ላይ ወጣ፤ «መሬቷን ያስከበረች እናት» ይላል ከሥሩ። ከኋላዋ የሚታየው የቢሻው ዛፍ ነው። ወረቀቱ የቀበሌው ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ሰነበተ።

ዛፉ አራት ዓመት ሞላው። እንቁ ልጇን ይዛ ዳንግላ ቤት ተከራይታ የቀን ሥራ ትሠራለች፣ መኪና ላይ ከሰል ትጭናለች። አምስት ዓመት ሞላው። ጎረቤቶቹ ዛፋቸውን ቆረጡ፣ ተዳፋቱ ሁሉ በከሰል ጭስ ተሞላ፣ መሬቱ ተገልጦ ጤፍ ተዘራበት። የቢሻው ዛፍ ብቻ መሀል ላይ ቆሞ ቀረ። ስድስት ሞላው። ጥላው ሥር ሣር እንኳ አይበቅልም። እንቁ በስሟ መሬት አላት፣ ደብተሩ ላይ ፎቶዋ አለ፣ አንድ እፍኝ እህል ግን አላገኘችበትም። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ማለት ይኸ ነው።

ዋጋዬ ልታናግረው ስትሄድ አብሬያት ሄድኩ። ቢሻው ተነስቶ ተቀበለን፣ አስቀመጠን።

«ዛፉን ለምን አታነሳም?» አለችው።

«ልቆርጠው ነበር። ኋላ ሳየው አማረኝ» አለ።

«ከሰሉ ገንዘብህ አይዶለም ወይ? እየቆየ ሲሄድ ላንተስ ምን ይጠቅምሃል?»

«አልቸገረኝም። ዛፉ የኔ ነው፣ የምቆርጥበትን ቀን እኔ አውቃለሁ። ወረቀቱስ መቼ ነው የሚለው? አያ ባንተአምላክ ያውቃል፣ እሱ ነው የጻፈው» አለና ፈገግ አለብኝ።

ሁላችንም የተሳሳትነው እዚህ ላይ ነው። በእኛ አገር ቁጡ አለ፣ ቂመኛ አለ፣ ሰነፍ አለ። የደረሰ ዲከረንስ ሳይቆርጥ የሚተው ሰው ግን አይተን አናውቅም። ለሚስቱ ጥላቻ ብሎ የራሱን ከሰል የሚተው ሰው ይኖራል ብሎ የሚያስብ ማን አለ? ስስቱን አምነን ነው የፈረምነው። ቢሻው ከስስቱ የሚበልጥ ጥላቻ ነበረው።

አባ አስማረ ዘንድ ሄድን። «ቃሉን አፍርሷል? አላፈረሰም» አሉ።

«አራት አምስት ዓመት ብለው አልነበረም ወይ አባ?» አለች ዋጋዬ።

«ብዬ ይሆናል። ቀን ግን አልቆረጥንም።»

ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ። አዲስ አቤቱታ ጻፍኩ። ዳኛው ደኅና ሰው ነበር፤ አንብቦ «ሽማግሌዎቹ ስንት ዓመት አስበው እንደነበር ቀርበው ያስረዱ፤ ከዚያ እወስናለሁ» አለ። ሦስቱም እምቢ አሉ። ሽማግሌ የሸመገለውን ነገር ፍርድ ቤት ቆሞ አይመሰክርም፣ ነውር ነው። ይህ እኔም የማውቀው ሥርዓት ነው። ዋጋዬ እንዳትመሰክር የከሳሽ ወገን ናት። አንድ ሰው ብቻ ቀረ።

ጠረጴዛዬ ፊት ቆመች። «አንተ ሰምተሃል፤ አባ አስማረ አምስት ዓመት ሲሉ ነበርክ። መስክርላት» አለችኝ።

«እኔ ጸሐፊ ነኝ ዋጋዬ። ዛሬ ሽማግሌ ላይ ብመሰክር ነገ ማን ያጽፈኛል?» አልኳት። ይህን ስል ቁጭ ብዬ ነበር፤ ከመቀመጫዬ እንኳ አልተነሳሁም። ትንሽ አየችኝና ጃንጥላዋን አንስታ ሄደች። ከዚያ መንገዱ ተዘጋ፣ አገሩ ታመሰ፣ ቀጠሮ በቀጠሮ ላይ ተደራረበ፣ በመጨረሻ መዝገቡ በማስረጃ እጦት ተዘጋ።

በዚያው ዓመት ድርጅቱም ፕሮጀክቱን ዘጋ፤ ረጂዎቹ ወደ ሌላ አገር ፊታቸውን አዞሩ አሉ። ናርዶስ አዲስ አበባ ሥራ አገኘች። ለዋጋዬ የምስጋና ወረቀት በሚኒባስ ሹፌር ላኩላት። ደሞዝ ቢቀርም ገበያ መውጣቷን አልተወችም። ችግሩ ሴቶቹ ናቸው። አጠገባቸው ቁጢጥ ስትል ዕቃቸውን ማስተካከል ጀመሩ። አንዲቱ «እንደ እንቁ ልታደርጊኝ ነው?» አለቻት ፊት ለፊት። ዋጋዬ ያን ቀን ወደ ዳሴ መጥታ ጥግ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ስታለቅስ አይቻት አላውቅም ነበር። ዕንባዋን በክርኗ ነበር የምትጠርገው፣ እንደ ልጅ።

ባለፈው ኅዳር እንቁ ትዕግሥቷ አለቀ። ምሳር ተውሳ ለብቻዋ በጠራራ ፀሐይ ተዳፋቱ ላይ ወጣችና ዛፉን መጣል ጀመረች። ያ የተሰበረ እጇ ደኅና አድርጎ አልገጠመም፤ እንዴት እንደጣለችው እሷ ናት የምታውቅ። ዘጠኝ ዛፍ ጥላ አሥረኛው ላይ ሳለች ያዟት። ንብረት በማውደም ተከሰሰች። የአሥር ዓመት ልጇ ሕይወት ፖሊስ ጣቢያው በር ላይ ተቀምጣ ዋለች።

ሽማግሌ እንደገና ገባ። እነዚያው ሦስቱ። ቢሻው ክሱን ይተዋል፤ እንቁ ለካሳው ተዳፋቱን ለሠላሳ ዓመት እንዳከራየችው ተጽፎ ትፈርማለች፤ እግሩ ላይ ወድቃም ይቅርታ ትጠይቃለች። መሬት መሸጥ ስለማይቻል ነው ኪራይ የተባለው። እንቁ ሠላሳው ዓመት ሲያልቅ ስልሳ አራት ይሞላታል።

«አትፈርሚ፤ ይግባኝ እንላለን፣ እኔ እስከ መጨረሻው አለሁ» አለቻት ዋጋዬ በጣቢያው መስኮት።

«ልጄን ማን ያበላልኛል?» አለች እንቁ። ከዚህ በኋላ ክርክር አልነበረም።

ቢሻው ግቢ ሄድን። እኔ ወረቀቱን ስጽፍ አባ አስማረ ጎንበስ ብለው «ቀኑን በደንብ አስቀምጥ፤ ኸመቼ እስከ መቼ እንደሁ፣ ወሩም ይጻፍ። ኋላ ክርክር እንዳያመጣ» አሉኝ። ብዕሬን አቁሜ አየኋቸው። ሲሉት አንዳችም የኀፍረት ስሜት ፊታቸው ላይ አልነበረም፤ የተናገሩት ነገር ትክክል ነው ብለው ነው የሚያምኑት። ዋጋዬ ሰምታለች። ከጥር አንድ ቀን ብዬ ሠላሳውን ዓመት ቆጥሬ፣ ቀኑን፣ ወሩን፣ ዓመተ ምሕረቱን ጻፍኩ።

ከዚያ ድንጋዩ መጣ። ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው ድንጋይ ማጅራቱ ላይ ተሸክሞ ያጎነብሳል፤ የተበደለው «ይቅር ለእግዚአብሔር» እስኪል አያወርደውም። እንቁ ልታነሳው ስትሞክር ግራ እጇ አልያዘላትም።

«እኔ ልሸከም» አለች ዋጋዬ። «ያስጀመርኳት እኔ ነኝ።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ተንሾካሾኩ። ይቻላል አሉ። ዋጋዬ ነጠላዋን አጣጥፋ ማጅራቷ ላይ አደረገች፣ ድንጋዩን አስቀመጡላት፣ ቢሻው ፊት አጎነበሰች። ቢሻው አልቸኮለም። ለሽማግሌዎቹ ውሃ ይምጣ አለ። ውሃው መጣ፣ ሽማግሌዎቹ ጠጡ፣ እሱም ጠጣ፣ ጽዋውን ለአዲሷ ሚስቱ መለሰ። የዋጋዬ ጉልበት ሲንቀጠቀጥ ቀሚሷ ጫፍ ላይ ይታይ ነበር። አሥራ አራት ዓመት የሰው ሚስት ጠበቃ ሆና የዞረችበት እግር ነው። እኔ ወረቀቴን እያየሁ ነበር።

«ይቅር ለእግዚአብሔር» አለ በመጨረሻ። ሽማግሌዎቹ መረቁ።

ወደ ዳንግላ በእግራችን ተመለስን፤ ዋጋዬ፣ እንቁና እኔ። ግማሽ መንገድ ላይ እንቁ ድንገት ቆመች።

«እትዬ ዋጋዬ፣ ያኔ ፍርድ ቤቱን ብንጠብቀው ኖሮ ዳኛው ይከፍልልኝ ነበር። ለሽማግሌ የሰጠሽኝ አንቺ ነሽ። ቀን እንኳ ሳታስጽፊልኝ» አለች። ድምፅዋ አልጮኸም። «ያወቅሽ መስሎኝ ነበር እኮ የተከተልኩሽ።»

ዋጋዬ አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚያስፈልጋት። ቀን ጻፍ ብዬው ነበር፣ ይኸ ሰውዬ ነው የተወው ብትል ይበቃት ነበር። እንቁን ፊቷን አየቻት፣ ማጅራቷን በእጇ አሸት አሸት አደረገችና «ይቅር በይኝ ልጄ» አለቻት።

እንቁ ወደ እኔ ዞረች። «እርስዎን ግን እግዜር ይስጥልኝ አያ ባንተአምላክ። ስንት ዓመት ሙሉ ሳይሰለቹ ጽፈውልኛል» አለች።

«ኧረ ምንም አላደረግሁልሽም» አልኳት። ዋጋዬ ቀና ብላ አላየችኝም፤ መንገዷን ቀጠለች።